«መስኮት አለ» ብዬ የጻፍሁባት ክፍል

በከተማችን መዝገብ ቤት አንድ ፋይል አለ። በዚያ ፋይል ውስጥ «አከራይዋ የክፍሉን መስኮት ከመመሪያ ውጭ በመድፈኗ» የሚል ቃል ሰፍሮ ስድስት ዓመት ኖሯል። ውሸት ነው። ወይዘሮ ብርቄ መስኮት አልደፈነችም። የደፈንነው እኛ ነን፤ ፈቃድ የምንሰጠው ሰዎች። ቃሉ ሲጻፍ እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጬ ነበር፤ ከግርጌው ፊርማዬ አለ። ስሜ ፈንታዬ ደሱ ነው። የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ፤ ትምህርቴ ትንሽ ነው። ያየሁትን ግን አልረሳም፣ የሠራሁትንም አልክድም።

የሠራሁት እዚሁ ላሊበላ ነው፤ ሌላ ቦታ ሠርቼ አላውቅም። የጽሕፈት ቤታችን ስም በየዘመኑ ሲለወጥ ሦስት ሰሌዳ ሲወርድና ሲሰቀል አይቻለሁና የትኛውን እንደምጠራ አላውቅም። ዝም ብዬ ጽሕፈት ቤቱ ልበለው። የገባሁት በጽዳት ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይቼ፣ በማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። አንድ ቀን የኪራይ ቤት ተቆጣጣሪው ሴቶች ብቻ የሚኖሩበት ግቢ ሄዱና ሴቶቹ «ወንድ አናስገባም» ብለው በሩን ዘጉባቸው። ተመልሰው መጡ። እኔ ኮሪደሩን እጠርጋለሁ።

«አንቺ፣ ማንበብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ቀስ ብዬ።»

«ቀስ ማለቱን ነው የምፈልገው። መጥረጊያውን አስቀምጪና ነይ።»

ተከትያቸው ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ መጥረጊያ አልያዝሁም። እኒህ ሰው አያ ሲሳይ ይባላሉ። ሥራቸው ለጠጅ ቤት፣ ለግሮሰሪ፣ ለባህል ምሽት ቤትና ለኪራይ ክፍል ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ሄዶ ማየት ነበር። እኔ ከጎናቸው አሥራ አንድ ዓመት ቆምሁ። ደመወዝ በየወሩ ይመጣል፣ ያልቃል፤ ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም። ስለ አያ ሲሳይ አሠራር ግን መጻፍ አለብኝ፤ ያላወቁት ሰዎች ጥፋቴ ምን ያህል እንደሆነ አይገባቸውምና።

ኪሳቸው ውስጥ በየግማሽ ሜትሩ የተቋጠረ ሲባጎ ነበራቸው። ሜትር ተሰጥቷቸው ነበር፤ «ብረቱ ሲንሿሿ ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ይዋሻል» ብለው ከመሳቢያ አላወጡትም። የሚያዩት ቤት ውስጥ ውኃ እንኳ አይጠጡም። ከጎረቤት ግን ይጠጣሉ፤ ሆን ብለው ዞረው ሄደው ይለምናሉ። የጠጅ ቤት ሲያዩ የኋላውን በር ባለቤቱ እንዲከፍት አይጠይቁም፤ አሳላፊዋን ይጠሯታል። «ክፈችልኝ የኔ ልጅ» ይሏታል። ቁልፉን መፈለግ ከጀመረች ደብተራቸውን አጥፈው ይወጣሉ። «እሳት ቢነሳ ቁልፍ ፍለጋ አይጠብቃትም» ይሉ ነበር።

ኪራይ ክፍል ሲያዩ ደግሞ መጀመሪያ ደጃፍ ላይ ያለውን ጫማ ይመለከታሉ። «ስንት ተከራይ አለሽ?» ብለው ሲጠይቁ አንድ ቀን አልሰማሁም። የሚጠይቁት «ትናንት እዚህ ማን አደረ?» ብለው ነው።

«ልዩነቱ ምንድን ነው አያ?» አልኋቸው።

«‹ተከራይ› ብለሽ ከጠየቅሻት ኪራይ የሚከፍለውን ትነግርሻለች። ለበዓል የመጣ አለ፣ ለሕክምና የመጣ አለ፣ ጠበል የመጣ አለ። እንግዳ ትቆጥርልሻለች? ነውር ነው። አየሩን ግን እንግዳም ይስበዋል።»

ከዚያ ወደ ክፍሉ ይገባሉ። በሩን ይዘጋሉ፣ መስኮቱንም ይዘጋሉ። «ተቀመጪ» ይሉኛል። ካገኘን በርጩማ ላይ፣ ካላገኘን ወለሉ ላይ ቁጭ እንላለን። ምንም አይናገሩም። ባለቤቷ ውጭ ቆማ ምን ሆኑ ብላ ትጨነቃለች። የመጀመሪያ ቀን ሳቅ አፈነኝ።

«ምን እየጠበቅን ነው?»

«ክፍሉ እስኪነግረን።»

በእርግጥም ይናገራል። የግድግዳው እርጥበት ትንሽ ቆይቶ ትከሻ ላይ ይመጣል። የጎረቤት መጸዳጃ ይሸታል። አየር የሌለው እንደሆነ ግንባር ይከብዳል። ከዚያ ይነሱና መስኮቱን ከፍተው ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ያወጣሉ፤ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነፋስ መኖሩን ያያሉ። «መስኮት በእጅ ነው የሚታየው፣ ፈንታዬ» ይሉኛል። ይህን አሥራ አንድ ዓመት ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ነበር ማለት አልችልም።

ሙዚቃ ቤት ላይም እንዲሁ ናቸው። አቶ ዳኘው የተባለ ነጋዴ ባህል ቤት ሊከፍት ፈቃድ ጠየቀ። ማሲንቆ ተጫዋች ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረንም፤ እሱ ግን የበር ቁመት ያለው ድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦ፣ አስመጥቷል። ከቤቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቤተ ክርስቲያን አለ።

«አያ ሲሳይ፣ ምን አስጨነቅዎ» አላቸው። «የኔ ሞንታርቦ ጨዋ ነው። ጾም ሲገባ ራሱ ድምፁን ይቀንሳል።»

«እንግዲያው የንስሐ አባቱን ንገረኝና እሳቸውን ልጠይቅ» አሉት።

ዳኘው ሳይወድ ሳቀ። አያ ሲሳይ ሙዚቃውን እስከ መጨረሻው አስከፍተው እኔን ወደ ጎረቤት ላኩኝ። ጎረቤቷ ብርቄ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ክፍል እያከራየች የምትኖር ሴት። ውኃ ጠየቅኋት፤ በጣሳ አምጥታ ሰጠችኝ። ጣሳውን ይዤ ቆምሁ፤ ውኃው መሐል ለመሐል ይንቀጠቀጣል። ሁለታችንም አየነው።

«ይኸው፣ ውኃውም እስክስታ ጀመረ» አለችኝ ብርቄ።

ተመልሼ ያየሁትን ተናገርሁ። ፈቃዱ ተከለከለ።

አያ ሲሳይ ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ሄዱ። ሲባጎውን ለኔ ተዉልኝ። «ሜትሩን ለመንግሥት መልሻለሁ፣ ይህ የራሴ ነው» አሉኝ። «አትቸኩዪ» አሉኝ። ሌላ ምክር አልሰጡኝም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ የታተመ ቅጽ መጣልን። «የተከራይ ብዛት» ይላል፣ ክፍት ቦታ አለው። «መስኮት» ይላል፣ ቀጥሎ «አለ» እና «የለም»፤ አንዱን መክበብ ነው። ኃላፊያችን አዲስ ሰው ነበር፤ ቅጹን ወደደው። እኔም ወደድሁት፤ ውሸት ምን ያደርጋል። እጄ በጽሑፍ ይዘገያል፤ መክበብ ግን ይቀላል።

ዳኘው እንደገና አመለከተ። ካህናቱ ተቃወሙ፤ «ኪዳን ስናደርስ ዘፈን አብሮን ይቀድሳል» አሉ። ኮሚቴው ተሰብስቦ መላ አገኘ፦ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሁለት ሰው የሚያህል የብሎኬት ግንብ ይሠራ፣ ድምፁ ይከልከል፣ ፈቃዱ ይሰጥ። ካህናቱ ተስማሙ፣ ዳኘው አመሰገነ። እኔም እጄን አወጣሁ። ግንቡ ካለቀ በኋላ ሄጄ እንዳየው ታዘዝሁ። በዳኘው ግቢ ውስጥ ቆሜ በሲባጎዬ ርዝመቱን ለካሁ፣ «በውሳኔው መሠረት ተሠርቷል» ብዬ ጻፍሁ። ከግንቡ ማዶ ምን እንዳለ ዞሬ አላየሁም። አያ ሲሳይ ቢሆኑ ዞረው ውኃ ይለምኑ ነበር።

ማዶው የብርቄ የኋላ ክፍል ነው። ግንቡ ከመስኮቷ በሁለት ጣት ርቀት ቆሟል።

ነገረችኝ ደግሞ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስመርጥ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እቴ ፈንታዬ፣ ያ ግንብ የኋላውን ክፍሌን አጨለመብኝ እኮ።»

«ማመልከቻ አስጽፊና አምጪ» አልኋት፣ ቀና ሳልል።

«እሺ» አለችኝና ሄደች። ብርቄ ፊደል አታውቅም። እኔ ይህን አውቃለሁ።

ገና ሲደርስ ከተማችን ሰው ታፈልቃለች። ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን በየቤቱ ያድራል፤ ማንም ሰው ደጁን አይዘጋበትም። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት የኪራይ ክፍሎችን ማየት ልማዳችን ነው። በዚያ ዓመት ብዙ ግቢ ተሰጠኝ። ብርቄ ዘንድ የደረስሁት ደክሞኝ ነው። የኋላውን ክፍል ሦስት ልጃገረዶች ተከራይተውት ነበር፤ አንደኛዋ አስናቀች የምትባል የፍላቂት ልጅ፣ ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ። ከበሩ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። ግድግዳው ላይ የተዘጋ የእንጨት መስኮት አለ። ገባ ብዬ ስፋቱን ለካሁት፤ ልክ ነው።

«ስንት ተከራይ አለሽ?»

«ሦስት» አለችኝ ብርቄ። ቀጥላም ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እኔ ግን እየከበብሁ ነበር። የተከራይ ብዛት፣ ሦስት። መስኮት፣ አለ። በዚያ ወረቀት ላይ የጻፍሁት አንድም ሐሰት የለውም። በሩን አልዘጋሁም። አልተቀመጥሁም።

ከበዓሉ በፊት የአስናቀች እናት ከፍላቂት መጡ። ለልጃቸው የገብስ በሶ ይዘው፣ በዓሉን ሊሳለሙ። እዚያው ከልጆቹ ጋር አደሩ፤ የት ይደሩ? የታኅሣሥ ብርድ ነው፤ ልጆቹ ለእናትየው ብለው ከሰል አያይዘው ማንደጃውን አስገቡ። ጠዋት ብርቄ ውኃ ልትሰጣቸው ብታንኳኳ የሚመልስ የለም። በሩን በትከሻዋ ሰብራ ገባች። ሦስቱን ልጆች እየጎተተች ደጅ አወጣቻቸው፤ ነፍሳቸው ተመለሰች። እናትየው አልተመለሱም። በኔ ቅጽ ላይ የሌሉ አራተኛ ሰው ናቸው።

ኮሚቴው በማግስቱ ተቀመጠ። ኃላፊው ፊቱ ገርጥቷል።

«መስኮቱ ተደፍኗል» አለ። «ማን ደፈነው?»

የግንቡን ውሳኔ የፈረምነው ሁሉ እዚያ ነበርን።

«ቤቱ የማን ነው?»

«የወይዘሮ ብርቄ» አለ አንዱ።

«እንግዲህ የምትጠየቀው ባለቤቷ ናት። ጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር፤ ፈራሁ። ቃለ ጉባኤው ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ፤ ፈረምሁ። ከዚህ የባሰ ነገር በሕይወቴ አልሠራሁም።

ብርቄ ጥቂት ቀን ታሰረች፤ ክፍሎቿ ታሸጉ፣ ፈቃዷ ተሰረዘ። እሱንስ ቻለችው። ያልቻለችው ስሙን ነው። «መስኮት ደፋኝ» አሏት። ውኃ ስትቀዳ ልጆች ይሏታል፤ በማኅበሯ ላይ ሴቶቹ ከአጠገቧ ይሸሻሉ። አስናቀችም አመነችው፤ እናቷን የገደለቻቸው ብርቄ ናት ብላ መንገድ ላይ ስታያት ፊቷን ታዞር ጀመር። ከዚያች ክፍል ጎትታ ያወጣቻት ሴት መሆኗን እያወቀች።

ጡረታ የወጣሁ ቀን በአዳራሹ ጋቢ አለበሱኝ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። «ለወጣቶች ምክር ይለግሱ» አሉኝ። ተነሳሁና፣

«ጋቢው ይቆየኝ። የብርቄን ፋይል አምጡልኝ» አልሁ።

አንዳንዱ ቀልድ መስሎት አጨበጨበ።

በሳምንቱ ብርቄ ዘንድ ሄድሁ። ከደጃፏ ቆማ ተቀበለችኝ። በእኛ አገር ሰው ደጅ ላይ ቆሞ አይነጋገርም፤ ጠበኛ እንኳ ቢሆን «ተቀመጪ» ይባላል። እሷ አላለችኝም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት፤ ግንቡን፣ ቅጹን፣ ፊርማዬን። ይቅር በይኝ አልኋት።

«የኔ ይቅርታ ምን ይሠራልሻል፣ እቴ ፈንታዬ?» አለችኝ። «አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። ከተማው የሚያምነው የናንተን ወረቀት ነው። እሱ ሲታረም ነይ፤ ያን ጊዜ እመልስልሻለሁ።»

በሩን በዝግታ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ይህ ሆነ። ማመልከቻ በራሴ እጅ እጽፋለሁ፤ ለማስጻፍ ለማንም አልሄድም። ኃላፊ ሲቀየር እንደገና እጽፋለሁ። በየበሩ የሚሉኝ አንድ ነው።

«እማማ፣ ፋይሉ ተዘግቷል።»

«ከተዘጋ ክፈቱት። ፋይል ነው፣ መቃብር አይደለም።»

«እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ፈርመውበታል እኮ።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት!»

አንዱ ጥበቃ እኔን ሲያይ «አለቃ፣ መስኮቷ መጣች» እያለ ወደ ውስጥ ይጮህ ነበር። አልተቀየምሁትም፤ ስሙ ከብርቄ ወደኔ መዞሩ ደስ ብሎኝ ነበር። አያ ሲሳይ ይህ ሁሉ ሲሆን በሕይወት ነበሩ። ይምርሐነ ክርስቶስ ልሳለም የሄድሁ ጊዜ ቤታቸው ገብቼ ነገርኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሲባጎውን ከእጄ ተቀብለው ቋጠሮዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። «ሲባጎውስ ደህና ነው» አሉ። ያን ያህል ያመመኝ ቃል የለም።

አምና አንዲት ወጣት ሴት ኃላፊ ሆና መጣች። ማመልከቻዬን ፊቴ ላይ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረገ የለም።

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ እማማ?»

«ከኔ ጋር ተነሺ።»

መጣች። ብርቄ ቁልፉን ከሩቅ ሰጠችን፣ አልተጠጋችም። ያቺን ክፍል ከፍተን ገባን። በሩን ዘጋሁት።

«ተቀመጪ» አልኋት።

«ወለሉ ላይ?»

«አዎ።»

ተቀመጠች። ስልኳ ጠራ፤ አጠፋችው። ጨለማው ውስጥ ትንፋሻችን ይሰማል። ግንባሬ ሲከብደኝ የሷም እንደከበዳት አወቅሁ፤ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታችው። «አሁን መስኮቱን ክፈቺና እጅሽን አውጪ» አልኋት። ተነስታ መዝጊያውን ወደ ውስጥ ሳበች፤ እጇን ብታወጣ መዳፏ ብሎኬቱ ላይ አረፈ።

በሳምንቱ የእርማት ደብዳቤውን ረቂቅ አሳየችኝ። ጥሩ ነበር። ነገር ግን «ክፍሉን የተመለከተው ባለሙያ» ይላል።

«ይህ ባለሙያ ስም የለውም?» አልኋት።

«ለእርስዎ ክብር ስንል ነው እማማ። ይህን ሁሉ ዓመት ደክመዋል። ስምዎ ባይነሳ ይሻላል ብለን ነው።»

«የብርቄ ስም ሲጻፍ ክብሯን ማን ጠየቃት? ስሟ ስድስት ዓመት በሐሰት ተጽፎ ኖረ። የኔ በእውነት ይጻፍ። አለዚያ ወረቀቱን አልቀበልሽም።»

«ባይቀበሉስ?»

«ነገም እመጣለሁ።»

በነጋታው ሄድሁ። በሳልስቱም ሄድሁ። ጥበቃው በር ላይ ወንበር አወጣልኝ፤ አልተቀመጥሁበትም። በአራተኛው ቀን ማህተሙ ያልደረቀ ወረቀት በእጇ ይዛ ወጣች። አንድ ቅጂ ለብርቄ፣ አንድ ቅጂ ለአስናቀች፣ አንድ ቅጂ በፋይሉ። የግንቡም በመስኮቱ ፊት ያለው ክፍል እንዲነሳ ለዳኘው ትእዛዝ ተጽፏል። ባህል ቤቱ ቱሪስት ከቀረ ወዲህ የእህል መጋዘን ሆኗል፤ የሚከለከል ድምፅ የለም፤ ግንቡ ግን ቆሞ ነበር።

ብሎኬቱ ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ብርቄ ደጃፍ ቆምሁ። እሷም ቆመች። ቀስ ብዬ አነበብሁላት።

«የክፍሉ መስኮት የተደፈነው ጽሕፈት ቤቱ ለጎረቤት ሙዚቃ ቤት ፈቃድ ሲሰጥ ባሳለፈው የግንብ ውሳኔ እንጂ በወይዘሮ ብርቄ አለመሆኑ ተረጋግጧል። ቀድሞ የሰፈረው ቃል ተሰርዟል። ክፍሉን በሩን ዘግተው ሳይመረምሩ ‹መስኮት አለ› ብለው የጻፉት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ወይዘሮ ፈንታዬ ደሱ ናቸው።»

«የመጨረሻውን ድገሚው» አለችኝ።

ደገምሁት።

ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ማህተሙን በጣቷ ዳሰሰችው፣ አጥፋ ብብቷ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ወደ ኋላው ክፍል አለፈች። ልከተል ወይስ ልመለስ ብዬ ቆሜ ሳለሁ የመስኮቱ መዝጊያ ሲከፈት ሰማሁ። ገባሁ። ብርሃኑ ወለሉን ግማሽ ድረስ ሸፍኖታል። ብርቄ ከጥግ አንዲት በርጩማ አነሳች፤ በነጠላዋ ጫፍ አቧራዋን ጠረገችና ከመስኮቱ ሥር አኖረቻት።

«ተቀመጪ» አለችኝ።